ማሽኑ አዳማ፣ ናሙናው እንጅባራ

በአገራችን ስለ ምርምር ላቦራቶሪ በተነሳ ቁጥር ቀድሞ የሚሰማው እሮሮ የማሽን እጥረት ነው። እሮሮው ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የከሰል ዱቄት፣ አፈር ወይም ድንጋይ ይዞ ከእንጅባራ ወደ አዲስ አበባና ወደ አዳማ የሚመላለሰውን ተመራማሪ ሥራ ቀረብ ብሎ ላየ ሰው፣ ነገሩ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ፊት ሳይደርስ ነው። ናሙናው ከየት ተነሳ? በምን ተፈጨ? በምን ተቋጠረ? አብሮት የሄደው ወረቀትስ ምን ይላል? በዚህ ዳሰሳ የማተኩረው እዚህ ላይ ነው። ከማሽን ግዥ ይልቅ ለናሙና ዝግጅት የማደላ መሆኔም ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

እንጅባራ ያለችበት የአዊ ዞን ለጥያቄው ጥሩ መነሻ ነው። የዞኑ ደጋማ ወረዳዎች አፈር በአብዛኛው አሲዳማ ነው፤ በአገር ደረጃም ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ በአሲዳማነት የተጠቃ መሆኑ ሲነገር ቆይቷል። እንዲህ ባለ አፈር ላይ ገበሬው ተበድሮ የገዛው ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ፎስፎረስ በብረትና በአልሙኒየም ኦክሳይድ ገጽ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ፎስፎረሱ አፈሩ ውስጥ አለ፤ ሥሩ ግን አያገኘውም። ኖራ የሚበተነውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የባንጃ ገብስ ለምን አልሰጥ አለ የሚለው ጥያቄ ሲፈተሽ ተፈትሾ የሚያርፈው ከአፈሩ ቅንጣት ቆዳ ላይ ነው።

ዲከረንስንም በአዊ ያስፋፋው በከፊል ይኸው የደከመ መሬት ነው። ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ በፋግታ ለኮማና በባንጃ እህል እምቢ ባለ ማሳ ላይ ይተከላል፤ በመጀመሪያው ዓመት በመሀሉ ጤፍ ይዘራበታል፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ይቆረጥና ከሰል ይሆናል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ዛፉን በሽታ እየመታው ነው። ከሰሉ ያስነሳው የምርምር ጥያቄ ግን እንዳለ አለ፦ ይህ ከሰል ለምድጃ ብቻ ነው ወይስ አፈር ለማከምና ውሃ ለማጣራትም ይሆናል? ለእንጅባራው ቀርከሃ፣ የዘንገናን ሐይቅ የፈጠረው እሳተ ገሞራ በአካባቢው ላፈሰሰው ቀይ አሸዋም ጥያቄው ያው ነው። ቀዳዳው ምን ያህል ነው? ገጹ ምን ያህል ይሰፋል? በላዩ ላይ የተቀመጡት የኦክስጅን ቡድኖች የትኞቹ ናቸው? ከሙከራው በኋላ የተጣበቀበት ነገርስ በእርግጥ ፎስፌት ነው?

ይህን የሚመልሱት መሣሪያዎች በጅምላ የገጽ ትንተና መሣሪያዎች ቢባሉም ዓይናቸው እኩል አይደለም። ኤክስፒኤስ ራጅ ተኩሶ ከገጹ ላይ የሚፈናጠሩትን ኤሌክትሮኖች ጉልበት ይለካል፤ የሚያየው ጥልቀት ከ10 ናኖ ሜትር ብዙም አያልፍም። የአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ወደ 80 ሺህ ናኖ ሜትር ይጠጋል። ዘዴውን በኡፕሳላ ያዳበረው ስዊድናዊው ካይ ሲግባን እ.ኤ.አ. በ1981 የፊዚክስ ኖቤል ተሸልሞበታል። የኡፕሳላ ዓለም አቀፍ የሳይንስ ፕሮግራም የኢትዮጵያን ፊዚክስና ኬሚስትሪ ለረጅም ዓመታት ሲደግፍ የኖረ ስለሆነ ከተማዋ ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአራት ኪሎ ግቢ ሰዎች እንግዳ አይደለችም። ቢኢቲ የሚባለው ደግሞ ብሩናወር፣ ኤሜትና ቴለር እ.ኤ.አ. በ1938 ያወጡት ስሌት ነው፤ ናይትሮጅን ጋዝ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ በገጹ ላይ ሲነጠፍ ተለክቶ ስፋቱ ይሰላል። በደንብ የነቃ ከሰል አንድ ግራሙ ከ500 ካሬ ሜትር በላይ ገጽ ሊኖረው ይችላል፤ ከአንድ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ይበልጣል ማለት ነው።

ሴም ገጹን በኤሌክትሮን ጨረር አጉልቶ ያሳያል። አብሮት የሚሠራው የንጥረ ነገር መለያ፣ ኢዲኤስ፣ ግን ከአንድ ማይክሮ ሜትር በላይ ጠልቆ ስለሚያነብ ውጤቱን «የገጹ ይዘት» ብሎ መጻፍ አያስኬድም። ኤክስአርዲ የክሪስታልን አደራደር፣ ኤፍቲአይአር የኬሚካል ትስስርን ይነግራሉ፤ ሁለቱም በዋናነት የሚያዩት ገጹን ሳይሆን የናሙናውን አካል ነው። በተማሪ ጽሑፍ ውስጥ አምስቱም «የገጽ ምርመራ» በሚል አንድ ርዕስ ሥር ሲታጨቁ አያለሁ፤ ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ አራተኛ ትውልድ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ማስተማር የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ተቋም ሁሉንም ማሽን በግቢው ሊያሟላ ስለማይችል ናሙናው ይጓዛል። ባሕር ዳር ወደ 120 ኪሎ ሜትር ነው። አዲስ አበባ ወደ 450፣ አዳማ ከዚያ ሌላ 100 ኪሎ ሜትር ይጨምራል። የኢትዮጵያውያንን የማቴሪያል ሳይንስ ጽሑፎች ያገላበጠ ሰው የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሺማዙ ኤክስአርዲ-7000 እና ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው የጄኦል ሴም ስማቸው እየተመላለሰ ያጋጥመዋል። ኤፍቲአይአሩ ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ክፍል ይገኛል። የድንጋይና የሸክላ አፈር ሙሉ የሲሊኬት ትንተና የሚሠራው፣ ቀድሞ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ይባል በነበረው ተቋም ነው። ኤክስፒኤስ ሲያስፈልግ ናሙናው ድንበር መሻገሩ የተለመደ ነው፦ ደቡብ አፍሪካ፣ ህንድ፣ ጀርመን፣ ታይዋን። በታይዋን ብሔራዊ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ኢትዮጵያውያን የዶክትሬት ተማሪዎች ስላለፉ፣ ብልቃጥ በሰው ሻንጣ ተይዞ ታይፔ መድረሱ የሚያስገርም አይደለም።

የመጀመሪያው ጥፋት የሚሠራው ግን ታይፔም አዳማም ሳይሆን ጆንያው ጋ ነው። ከሰል አክሳዩ እንጨቱን ከምሮ በሣርና በቅጠል ይሸፍናል፣ አፈር ያለብሳል፣ ለኩሶ ጭሱን እያየ ቀዳዳ ይከፍታል፣ ይደፍናል። እሳቱ በክምሩ ውስጥ እኩል አይዞርም። ከመሀል በደንብ የከሰለውና ከዳር ያረረው ጭሳም ጉማጅ አንድ ጆንያ ውስጥ ይገባሉ። ከጆንያው አፍ አንድ እፍኝ ዘግኖ «የዲከረንስ ከሰል» ብሎ የጻፈ ሰው የላከው የጆንያውን አፍ ነው። ኤክስፒኤስ የሚፈልገው ጥቂት ሚሊግራም ነው፤ ከዚያ ውስጥ የሚያነበው ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነጥብ፣ ከነጥቡም ላይኛውን 10 ናኖ ሜትር ብቻ ነው። ከኩንታል እስከዚህ ነጥብ ባለው ቁልቁለት ላይ የተሠራን ስህተት የትኛውም ማሽን አያርመውም።

መድኃኒቱ የታወቀና አሰልቺ ነው። ከክምሩ መሀል፣ ከዳር፣ ከላይና ከታች ይወሰዳል፤ ይደቅቃል፣ ይደባለቃል፤ እንደ እንጀራ ክብ ተደርጎ ተዘርግቶ ለአራት ይከፈላል፤ ትይዩ ያሉት ሁለቱ ይቀራሉ፣ ሁለቱ ይነሳሉ። የቀረው ተደባልቆ እንደገና ይከፈላል፣ እፍኝ እስኪሆን ድረስ። የማሳ አፈርም ሲሆን ከ0 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ከአንድ ማሳ ከ15 እስከ 20 ከሚሆኑ ቦታዎች ተወስዶ ይቀላቀላል፣ ጥላ ላይ ይደርቃል፣ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይነፋል። ይህን የቀበሌ የግብርና ልማት ሠራተኛ በሥልጠና ተምሮ ያውቀዋል። የኬሚስትሪ ድኅረ ምረቃ ተማሪው ግን ስለ ሞለኪውል ሲያወራ ውሎ ናሙናውን ከአንድ ጥግ ቆንጥሮ ሲመጣ ይታያል። አብሮ የመሥራት ልማድ ቢኖር የመጀመሪያው ለሁለተኛው በግማሽ ቀን ያሳየው ነበር።

ቀጥሎ መፍጨት ይመጣል። ከቤት የመጣ የነሐስ ሙቀጫ መዳብና ዚንክ ይጨምራል። የብረት ኳስ ያለው ወፍጮ ብረት ይጨምራል፤ ጥያቄው ብረት ኦክሳይድ ላይ ስለተጣበቀ ፎስፎረስ ከሆነ ደግሞ ሥራውን ከነአካቴው ገደል ይከተዋል። የቡና ሙቀጫ ስላለው ቅባት አለማውራት ይሻላል። ላቦራቶሪ የሚመርጠው አጌት የሚባለውን ድንጋይ ሙቀጫ ነው፤ ያም ቢሆን በሁለት ናሙናዎች መካከል ተጠርጎ ሳይሆን ታጥቦ ደርቆ ነው ሥራ ላይ የሚውለው። የሚቻል ከሆነ ከሚቀጥለው ናሙና ጥቂት ፈጭቶ መድፋትና ከዚያ ዋናውን መፍጨት ጥሩ ልማድ ነው።

አሁን ከአዊ ከሰል ጋር በቀጥታ የሚያያዙ ሁለት ወጥመዶችን ላንሳ፤ ምሳሌ ካስፈለገ ከእነዚህ የተሻለ አላውቅም።

የመጀመሪያው የኤክስአርዲ ነው። በአፈር ክምር ውስጥ የከሰለ ከሰል አፈር ይዞ ነው የሚወጣው፤ አፈር ደግሞ ኳርትዝ አያጣም። የኳርትዝ ትልቁ ጫፍ በተለመደው የመዳብ ራጅ ሲነበብ 26.6 ዲግሪ ላይ ይወጣል። የግራፋይት ዋና ጫፍ የሚወጣው 26.5 አካባቢ ነው። ቀጥ ያለች ሹል ጫፍ ያየ ተማሪ «ከሰላችን ወደ ግራፋይትነት ተለውጧል» ብሎ ሲጽፍ፣ ያየው ምናልባት የፋግታ ለኮማን አፈር ነው። ገበሬ የሚያከስልበት ሙቀት እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ግራፋይት አያወጣም፤ የእንጨት ከሰል በተለምዶ የሚያሳየው ሹል ጫፍ ሳይሆን ሰፊና ዝቅ ያለ ጉብታ ነው። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ 20.8 ዲግሪ ላይ ታናሽ ጫፍ ካለች ኳርትዝ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ናሙናው ሳይላክ የከሰሉን ጉማጅ ከላይ ፍቆ፣ አጥቦ፣ አድርቆ ከውስጡ መውሰድ ነው። የሚፈለገው ገበሬው ማሳው ላይ የሚበትነው ከነአፈሩ ያለው ከሰል ከሆነ ደግሞ ሳይታጠብ ይላክና ፎርሙ ላይ ይጻፍ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የቱ እንደተላከ አለመታወቁ ነው ስህተቱ።

ሁለተኛው የሴም ነው፤ ይሄኛው ይበልጥ ያስቆጫል። ኤሌክትሪክ በደንብ የማያስተላልፍ ናሙና ጨረሩ ሲያርፍበት ኃይል እያጠራቀመ ምስሉን ያበላሻል፤ ስለዚህ ባለሙያው በቀጭን ወርቅ ይለብጠዋል። ተመራማሪው የሚፈልገው ደግሞ በከሰሉ ወይም በቀይ አሸዋው ገጽ ላይ የተጣበቀውን ፎስፎረስ በኢዲኤስ ማየት ነው። የፎስፎረስ መስመር 2.01 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ነው፤ የወርቅ 2.12 ላይ። ኢዲኤስ እንዲህ የተቀራረቡትን ለይቶ ማውጣት ይቸግረዋል፤ ወርቁ ፎስፎረሱን ይውጠዋል፣ ወይም ፕሮግራሙ በስህተት የወርቁን ጥላ ፎስፎረስ ብሎ ቁጥር ይሰጥበታል። በፕላቲነም መለበጥም አያድንም፤ የሱም መስመር እዚያው አጠገብ ነው። መልሱ «እባካችሁ በካርቦን ለብጡልኝ» ወይም «ሳይለበጥ በዝቅተኛ ቫኪዩም ይታይልኝ» የምትል አንዲት መስመር ናት። ናሙናውን የተቀበለው ባለሙያ ፎስፎረስ እንደሚፈለግ በምን ያውቃል? አልተነገረውም። ወርቅ ለበጠ፣ ሥራውን በሥርዓቱ ሠራ። የሦስት ወር ሙከራ ሜዳ ላይ ቀረ።

ቢኢቲም የራሱ ጣጣ አለው። ከመለካቱ በፊት ናሙናው በሙቀትና በቫኪዩም ያመቀው እርጥበትና ጋዝ ይወጣለታል። ከ300 ዲግሪ በታች የከሰለን ከሰል በ350 ዲግሪ «አጽዱልኝ» ማለት አዲስ ከሰል አክሱልኝ እንደማለት ነው። የዝግጅቱ ሙቀት ፎርሙ ላይ መጻፍ ያለበት ለዚህ ነው። መጠኑም እንደ ናሙናው ነው፦ ለነቃ ከሰል መቶ ሚሊግራም ገደማ ሊበቃ ይችላል፣ ለቀይ አሸዋ ግን ገጹ ጠባብ ስለሆነ ግራሞች ያስፈልጋሉ። ለሁሉም እኩል ቆንጥሮ መላክ ከማያስተማምን ቁጥር በቀር የሚያመጣው የለም።

ኤፍቲአይአር ላይ የእንጅባራ አየር ራሱ ይገባበታል። ከተማዋ ከ2,500 ሜትር ከፍታ በላይ ናት፤ ክረምቷ ረጅም ነው፣ ጉሙም ዝናቡም አያባራም። ከሰል ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ናሙናው ተፈጭቶ የሚጨመቅበት የፖታሲየም ብሮማይድ ጨውም እንዲሁ። በነሐሴ ተዘጋጅቶ ሳይደርቅ የተላከ ናሙና የሞገድ ቁጥር 3,400 አካባቢ ሰፊ ጉብታ ያሳያል፤ ጽሑፉ ላይ «የሃይድሮክሲል ቡድን» ተብሎ ይተረጎማል። ከፊሉ ዝናብ ነው። ኦቭን ውስጥ በ105 ዲግሪ ማድረቅ፣ ሲሊካ ጄል ባለበት ዴሲኬተር ማቀዝቀዝ፣ ክዳኑ በሚጠብቅ ብልቃጥ ማሸግ፣ እስኪላክ ድረስ እዚያው ዴሲኬተር ውስጥ ማቆየት፤ ከዚህ የረቀቀ ነገር የለበትም። በጥር ተዘጋጅቶ የተላከውንና በነሐሴ የተላከውን ጎን ለጎን አድርጎ ማወዳደር ግን ሳይደርቁ ከሆነ አያዋጣም።

ስለ ማሸጊያ ከተነሳ ፌስታል ጠላት ነው። ፕላስቲኩን የሚያለሰልሱት ዘይቶችና ከፋብሪካ የሚጨመሩት ማንሸራተቻዎች ወደ ናሙናው ያልፋሉ፤ ለአፈር የፒኤች ምርመራ ምንም አይደለም፣ ለኤክስፒኤስ ግን ገጹን ይሸፍኑታል። የእጅ ላብ፣ ዱቄት ያለው ጓንት፣ የእጅ ቅባትና የፀጉር ቅባት ውስጥ ያለው ሲሊኮን ሁሉ እዚያች 10 ናኖ ሜትር ውስጥ ይገባሉ። የወጥ ቤት ፎይል እንኳ ከፋብሪካ የቀረ ዘይት አያጣውም። የታጠበና የደረቀ የመስታወት ብልቃጥ፣ ዱቄት የሌለው ናይትራይል ጓንት፣ በአልኮል የተጠረገ ወረንጦ ይበቃሉ። ናሙናው ዱቄት ሳይሆን ሳህን ወይም ቀጭን ልባጥ ከሆነ የሚታየው ወገን የትኛው እንደሆነ ምልክት ይደረግ፤ ምልክቱ በጀርባው፣ በተጫረ ቁጥር እንጂ ፊቱ ላይ በማርከር አይደለም። ብልቃጡ ላይ የሚለጠፈው ስም አጭር ይሁን። «የእኔ ናሙና 2 አዲሱ» የሚል ጽሑፍ ያለው ብልቃጥ ባለቤቱ ካልተከተለው በቀር ወላጅ አልባ ነው።

ፎርሙን እንደ ቢሮ ሥርዓት የሚቆጥር ብዙ ነው። የትብብር ደብዳቤው በክብ ማኅተም ታትሞ፣ ክፍያው ተከፍሎ ደረሰኙ ከተያያዘ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። «የሚፈለገው ምርመራ» በሚለው ቦታ «ሙሉ ትንተና» ተብሎ ይሞላል። ሙሉ ትንተና የሚባል ነገር የለም። የሚፈለገው ጥያቄው ነው፦ «በ400 ዲግሪ የከሰለ የዲከረንስ ከሰል፣ ፎስፌት ባለበት ውሃ ውስጥ 24 ሰዓት የቆየ፣ ታጥቦ በ60 ዲግሪ የደረቀ። የምፈልገው ፎስፎረሱ በየትኛው ቦታ ከካልሲየም ጋር አብሮ እንደሚገኝ ነው። ያልተነከረው ናሙና ቁጥር 1 ነው፤ መጀመሪያ እሱ ይታይ።» ይህን ያነበበ ባለሙያ ምን መልበጥ እንዳለበት፣ የት ማጉላት እንዳለበት ያውቃል። መርዛማነቱ፣ መግነጢስ መሆን አለመሆኑ፣ በቫኪዩም ውስጥ የሚተን ነገር መያዙም መጻፍ አለበት፤ ድኝ ወይም አዮዲን የሚተንበት ናሙና የሌላውን ተመራማሪ ወር ያበላሻል። የጋራ ማሽን ማለት የጋራ ጉዳት ማለትም ነው።

ያልተነከረውን ናሙና አብሮ መላክ ብዙ ጊዜ በገንዘብ ምክንያት ይቀራል። ክፍያው በናሙና ቁጥር ስለሆነ ተማሪው «ዋናውን» ብቻ ይልካል። ማነጻጸሪያ የሌለው ውጤት ግን ገጹ በምን እንደተለወጠ መናገር አይችልም። እኔን ብትጠይቁኝ ከአምስት ናሙና አንዱ ማነጻጸሪያ ካልሆነ አምስቱም ባይላኩ እመርጣለሁ።

ጉዞው ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ኢንተርኔቱ ሲጠፋ ሲመለስ ቆይቷል። ብልቃጥ በአውቶቡስ ረዳት እጅ፣ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ዘመድ ቦርሳ፣ ዕድል ከቀና በፖስታ ይሄዳል። ጥቁር ዱቄት የሞላው ብልቃጥ ኬላ ላይ ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሚያስነሳ መገመት አያዳግትም። የተቋሙ ማኅተም ያረፈበት፣ ይዘቱን በቀላል አማርኛ የሚገልጽ ወረቀት ከውጭ መለጠፍ የሳይንስ ጉዳይ ባይሆንም ከሳይንሱ አይተናነስም።

ወደ ውጭ ሲላክ ሕግ አለ። የአፈር ናሙና ብዙ አገሮች በእፅዋት ኳራንታይን ደንባቸው ያለ ፈቃድ አያስገቡም። ዕፅዋትና ረቂቅ ሕዋሳትን በተመለከተ በአገራችን የጄኔቲክ ሀብት አጠቃቀም በአዋጅ ቁጥር 482/1998 የሚመራ ሲሆን ፈቃዱ የሚጠየቀው ከብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ሻንጣ ውስጥ ከቶ የወሰደው ወዳጅ በቅንነት ቢያደርገውም ችግር ሲመጣ የሚጠየቀው እሱ ነው።

እስካሁን የላኪውን ጥፋት ብቻ ዘረዘርኩ፤ ተቀባዩም ንጹሕ አይደለም። ውጤቱ አንድ የተቀረጸ ምስል ሆኖ በቴሌግራም የሚላክበት ጊዜ አለ። ጥሬው ቁጥር የለም፤ የራጁ ጉልበት፣ የንባቡ ፍጥነት፣ የልባጡ ዓይነት አልተጻፈም። ምስሉ ላይ ጽሑፍ መሠረት አይቻልም። ኤክስፒኤስ ላይ ይህ ጉድለት ይከፋል፤ አብዛኛው ሰው ገጹ ላይ በሚገኘው የአየር ካርቦን ጫፍ፣ 284.8 ኤሌክትሮን ቮልት ላይ፣ መለኪያውን ያስተካክላል። የሊንሾፒንግ ተመራማሪዎቹ ግሬቺንስኪና ሁልትማን ግን ይህ ጫፍ እንደ ናሙናው ዓይነት ቦታውን እንደሚቀያይር በተከታታይ ጽሑፎቻቸው አሳይተዋል። ናሙናው ራሱ ከሰል ሲሆንማ የአየሩን ካርቦን ከከሰሉ ካርቦን ማን ይለየዋል? ጥሬው ፋይል ካልተገኘ ክርክሩን ማንም መልሶ ሊፈትሸው አይችልም። «ጥሬው ፋይል በፍላሽ ይሰጠኝ፣ የተረፈው ናሙና ይመለስልኝ» የሚሉ ሁለት መስመሮች በፎርሙ ላይ መታተም ነበረባቸው።

ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ያለው ልማድ ግን ከላቦራቶሪውም ከተማሪውም ይሰፋል። ጆርናሎች ኤክስአርዲ፣ ሴምና ኤፍቲአይአር የሌለበትን ጽሑፍ ስለማይወዱ ምርመራው ጥያቄ ለመመለስ ሳይሆን ለመልክ ይሠራል። አማካሪው «ሴም ጨምርበት» ይላል፤ ተማሪው ይጨምራል፤ ከምስሉ ሥር «ገጹ ቀዳዳማና ሸካራ ነው» ተብሎ ይጻፋል። ያለ ሴምስ ከሰል ቀዳዳማ መሆኑን የማያውቅ ማን አለ? በወረፋ የተጨናነቀ የጋራ ማሽን በእንዲህ ያለ ምስል ተይዞ ሲውል፣ በእርግጥ የሚያስፈልገው ሰው ይጠብቃል።

እዚህ ላይ «ታዲያ እንጅባራ የራሷ ሴም ይኑራት» የሚለው መከራከሪያ ይመጣል። ስሜቱ ይገባኛል። ከአዳማ ወረፋ፣ ከመንገዱ ሥጋት፣ ከትብብር ደብዳቤው ምልልስ ይገላግላል። ነገር ግን ማሽን ከተገዛ በኋላ የሚበላው ነገር አለው፦ የማይቆራረጥ መብራት፣ የጥገና ውል፣ መለዋወጫ፣ ቋሚ ባለሙያ። ቢኢቲ ፈሳሽ ናይትሮጅን ይፈልጋል፤ እሱ በአገራችን ይበልጥ የሚታወቀው የኮርማ ዘር ለማቆየት ነው። ኤክስፒኤስ የሚሠራው ግፊቱ ከከባቢ አየር አንድ ትሪሊዮንኛ ገደማ በሆነ ባዶ ክፍል ውስጥ ነው፤ መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ከቆመ ወደዚያ ለመመለስ ቀናት ይፈጃል። በየግቢው ሳጥኑ ሳይከፈት ወይም በአንድ መለዋወጫ ምክንያት ቆሞ አቧራ የጠጣ መሣሪያ ያየ ሰው ይህን ለማመን ብዙ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ለእንጅባራ የሚያስፈልገው አንድ ደህና የናሙና ዝግጅት ክፍል ነው፦ ኦቭን፣ ዴሲኬተር፣ አጌት ሙቀጫ፣ የደረጃ ወንፊቶች፣ እስከ ሚሊግራም አንድ አሥረኛ የሚመዝን ሚዛን፣ የታጠቡ ብልቃጦች፣ መዝገብ። ለዩኒቨርሲቲው ብቻ ሳይሆን ከዳንግላና ከቻግኒ አፈር ይዞ ለሚመጣ የወረዳ ባለሙያም ክፍት ቢሆን ይመረጣል። ከእያንዳንዱ ናሙና ግማሹ በቁጥሩ መደርደሪያ ላይ ይቀር፤ አዳማ ላይ ቢጠፋ ወይም ውጤቱ ቢያጠራጥር ሌላ ጆንያ ፍለጋ ወደ ፋግታ አይኬድም።

የዚህ ክፍል ዋና ዕቃ ሰው ነው። የላቦራቶሪ ረዳት በብዙ ግቢ ቁልፍ ያዥ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ደመወዙም፣ የሥልጠና ዕድሉም እንደዚያው ነው። ይህን ሰው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከመኸር በኋላና ከክረምት በፊት፣ የሁሉንም ክፍሎች ናሙና በአንድ ሳጥን አስይዞ ወደ አዳማና አራት ኪሎ መላክ፣ ማሽኑ ሲሠራ ከባለሙያው ጎን አስቀምጦ ማዋል፣ ጥሬውን ፋይልና የተረፉትን ብልቃጦች ይዞ እንዲመለስ ማድረግ ከአሥር የተበታተኑ ተማሪዎች አሥር ጉዞ ይረክሳል። የውሎ አበሉ ግን ከየትኛው ክፍል በጀት ይውጣ በሚለው ላይ የኬሚስትሪው፣ የእፅዋት ሳይንሱና የተፈጥሮ ሀብቱ ክፍሎች ቀድመው መስማማት ይኖርባቸዋል።